ስለ አንጀት ተሕዋስያንና ፕሮባዮቲክ ስለሚባሉት ረዳቶቻቸው
(በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ምሽት የተሰጠ ንግግር)




የንግግር ኮሚቴው ስለ ጤና አንድ ነገር እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ በመጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ልብ ወይም ስለ አንጎል ለመናገር ነበር። እነዚህ የተከበሩ አካላት ናቸው፤ ስማቸው በአደባባይ ቢጠራ ማንም አያፍርም። በመጨረሻ ግን ስለ አንጀት ለመናገር ቈረጥሁ። ራታችንን ከበላን ገና አንድ ሰዓት ስላልሞላ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ይህን ርእስ የመረጥሁበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው ቀላል ነው። ባለፈው ዓመት ከፈተና በፊት ጉንፋን ያዘኝና ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከአንድ መድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክ ገዝቼ ዋጥሁ። ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ስለ ሆነ አንቲባዮቲክ አንዳች እንደማይረዳው አሁን ዐውቃለሁ። ጉንፋኑ በራሱ ጊዜ ሄደ፤ በእርሱ ፈንታ ግን ተቅማጥ መጣና አንድ ሳምንት ሙሉ ከመኝታ ቤት ወደ መጸዳጃ ቤት ስመላለስ ሰነበትሁ። ወደዚያው መድኃኒት ቤት ተመልሼ ብሄድ ሻጩ «ፕሮባዮቲክ» የሚል ጽሕፈት ያለበት ከውጭ አገር የመጣ ዕቃ አወጣልኝ። ዋጋው የወር የኪስ ገንዘቤን እኩሌታ ያህል ነበር። በውስጡ ምን እንዳለ ብጠይቀው «ጥሩ ጥሩ ባክቴሪያ» አለኝ። በአንቲባዮቲክ ባክቴሪያ ገደልሁ፤ አሁን ደግሞ ባክቴሪያ ልገዛ ነው ብዬ ሳልገዛ ተመለስሁ። ወዲያው ግን ነገሩን ለማወቅ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄድሁ።

ሁለተኛው ምክንያት እንደዚህ ቀላል አይደለም። ልጅ ሳለሁ እናቴ ወንድ ልጅ ወለደች። እንደ አገሩ ልማድ የመጀመሪያው የጡት ወተት፥ ማለት እንገሩ፥ አይረባም ተብሎ ታልቦ ተጣለ፤ ሕፃኑም ቅቤ ላሰ። በስምንተኛው ቀን ጡት አልይዝም አለ፤ ገላው እንደ እሳት ጋለ፤ በዐሥራ አንደኛው ቀን ክርስትና ሳይነሣ ሞተ። ጎረቤቶቻችን የእግዜር ፈቃድ ነው አሉ። እኔም ዛሬ ቆሜ የወንድሜ ሞት ምክንያት ይህ ነው ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን በሕንድ አገር ስለ ተደረገ አንድ ጥናት ባነበብሁ ጊዜ ያ ሕፃን ትዝ አለኝ። ወደ ጥናቱ ኋላ እመለሳለሁ። በዚህ ንግግር የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

እንግዲህ ከራሳችን እንጀምር። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጥነው ብቻችንን አይደለንም። በ2016 ሮን ሚሎና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ስሌት መሠረት አንድ ጐልማሳ ሰው በገላው ውስጥ 38 ትሪሊዮን ያህል ባክቴሪያዎች ይዞ ይኖራል፤ የራሱ የገላው ሕዋሳት ግን 30 ትሪሊዮን ያህል ናቸው። እነዚህ ሁሉ ባክቴሪያዎች አንድ ላይ ቢመዘኑ 200 ግራም ያህል ቢሆኑ ነው። እጅግ የሚበዙት የሚኖሩት በትልቁ አንጀት ውስጥ ነው።

ሥራቸውስ ምንድን ነው? እኛ ልንፈጨው የማንችለውን የእህልና የአትክልት ቃጫ እነርሱ ያብላሉታል። ከዚህም ከሚወጡት አሲዶች አንዱ ቡቲሬት የሚባለው ለትልቁ አንጀት ግድግዳ ሕዋሳት ዋና ምግባቸው ነው። ቫይታሚን ኬና አንዳንድ የቢ ቫይታሚኖችን ይሠራሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቦታ መያዛቸው ነው። ገብስ ጥቅጥቅ ብሎ በበቀለበት ማሳ አረም እንደ ልቡ አይበቅልም፤ ብርሃኑም፥ ውሃውም፥ መሬቱም ተይዟልና። አንጀትም እንደዚሁ ነው። ነባሮቹ ተሕዋስያን ምግቡንና ስፍራውን ይዘው ሳሉ እንግዳው የበሽታ ተሕዋሲ ቢገባም በረኀብ ያልፋል። አንቲባዮቲክ በከንቱ የዋጠ ሰው ማሳውን በገዛ እጁ አጭዶ አረም የሚጠብቅ ገበሬን ይመስላል።

ይህ አሳብ አዲስ አይደለም። በ1899 ዓ.ም. በፓሪስ በፓስተር ተቋም የሚሠራው ሐኪም አንሪ ቲሲዬ ጡት ብቻ በሚጠቡ ሕፃናት ሰገራ ውስጥ ጫፉ እንደ መንሽ የተከፈለ ባክቴሪያ በብዛት አገኘ፤ ዛሬ ቢፊዶባክቴሪያ የምንለው ነው። በዚያው ተቋም ይሠራ የነበረው ኢሊያ ሜችኒኮቭ፥ በ1908 ከጳውል ኤርሊኽ ጋር የኖቤልን ሽልማት የተቀበለው ሊቅ፥ ሰው ቶሎ የሚያረጀው በትልቁ አንጀት ውስጥ በሚበሰብሰው ነገር መርዝ ነው ብሎ ያምን ነበር። የቡልጋሪያ ገበሬዎች ዕድሜ የሚረዝመው እርጎ ስለሚጠጡ ነው ሲሉ ሰምቶ ስታሜን ግሪጎሮቭ የተባለ የቡልጋሪያ ተማሪ በ1905 በጄኔቭ ከእርጎ ውስጥ ያገኘውን ባክቴሪያ ለሰው ሁሉ መከረ፤ ራሱም በየቀኑ የረጋ ወተት ይጠጣ ነበር። በ1916 በ71 ዓመቱ ዐረፈ። ኋላ ያ የቡልጋሪያ ባክቴሪያ በሰው አንጀት ውስጥ እንደማይሰፍርና አልፎ እንደሚሄድ ታወቀ። ስለዚህ ሜችኒኮቭ በዝርዝሩ ተሳስቷል፤ በጥያቄው ግን አልተሳሳተም።

ሦስተኛው ሰው ጀርመናዊው ሐኪም አልፍሬድ ኒስለ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብዙ ወታደሮች በተቅማጥ ሲወድቁ ከመካከላቸው አንድ ያልታመመ ወታደር አገኘ። ሌላው ሰው ቢሆን «ዕድለኛ ነው» ብሎ ያልፈው ነበር። ኒስለ ግን «ይህ ሰው በአንጀቱ ውስጥ ምን ይዟል?» ብሎ ጠየቀ፤ በ1917ም ከዚያ ወታደር ሰገራ አንድ የኮላይ ባክቴሪያ ዘር ለየ። ያ ዘር ከመቶ ዓመት በላይ አልፎት ዛሬም በስሙ እየተጠራ መድኃኒት ሆኖ ይሠራበታል። ጓደኞቼ ሆይ፤ ሁሉም ሲታመም ያልታመመውን መጠየቅ ጥሩ ልማድ ነው።

አሁን ፕሮባዮቲክ ማለት ምን እንደ ሆነ ልናገር። በ2001 የዓለም የጤና ድርጅትና የምግብና የእርሻ ድርጅት የሰበሰቧቸው ሊቃውንት ባወጡት ትርጓሜ ሦስት ነገሮች ተጠይቀዋል። ተሕዋስያኑ በሕይወት ያሉ ይሁኑ፤ መጠናቸው የሚበቃ ይሁን፤ ለሚወስዳቸው ሰው ጤና የሚሰጡት ጥቅም ይኑር። ከሦስቱ አንዱ ከጐደለ ስሙ ብቻ ነው የቀረው።

ጥቅሙ በምን መንገድ ይመጣል? ሊቃውንት ብዙ መንገዶችን ይቈጥራሉ፤ እኔ አራቱን ብቻ እናገራለሁ።

አንደኛው አስቀድሜ የተናገርሁት ስፍራና ምግብ መሻማት ነው። እንግዶቹ ለጥቂት ቀን ወይም ለጥቂት ሳምንት ብቻ ቢቈዩም በዚያ ጊዜ ለጠላት ቦታ አይለቁም።

ሁለተኛው የጦር መሣሪያቸው ነው። የላክቲክና የአሴቲክ አሲድ ያወጣሉ፤ ብዙ የበሽታ ተሕዋስያን ደግሞ ኮምጣጣ ስፍራ አይወዱም። ከዚህም ሌላ ባክቴሪዮሲን የሚባል፥ ሌላውን ባክቴሪያ የሚገድል ፕሮቲን የሚሠሩ አሉ። በ2007 በአየርላንድ በኮርክ ከተማ የተደረገውን ፈተና ላጫውታችሁ። ሊቃውንቱ አንድ ላክቶባሲለስ ለአይጦች ከሰጡ በኋላ ሊስቴሪያ የተባለውን የበሽታ ባክቴሪያ ሰጧቸው፤ አይጦቹም ተጠበቁ። ይህ ብቻ ቢሆን ምክንያቱ አይታወቅም ነበር። ስለዚህ ያንኑ ላክቶባሲለስ ባክቴሪዮሲኑን ብቻ እንዳይሠራ አድርገው እንደገና ሞከሩት። ያን ጊዜ ጥበቃው ጠፋ። በአንድ ነገር ብቻ የሚለያዩ ሁለት ቡድኖችን ማወዳደር ማለት ይህ ነው፤ በቤተ ሙከራችን የምንማረው ትምህርት በተግባር ሲውል እንዲህ ያምራል።

ሦስተኛው ግድግዳውን ማጽናት ነው። የአንጀት ግድግዳ የውስጥ ገጽ በአንድ ረድፍ ሕዋስ ብቻ የተሠራ ነው፤ በላዩ ንፍጥ ለብሷል። በ2011 የጃፓን ሊቃውንት እንዳሳዩት አንዳንድ ቢፊዶባክቴሪያዎች የሚያወጡት አሲቴት የአይጦችን የአንጀት ግድግዳ ስላጸናው የአደገኛው ኮላይ መርዝ ወደ ደም ሳይገባ ቀርቷል። ሁሉም ቢፊዶባክቴሪያዎች ግን ይህን አላደረጉም። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ አንዱ ዘር የሚሠራውን ወንድሙ ላይሠራው ይችላል።

አራተኛው የመከላከያ ሠራዊታችንን ማሠልጠን ነው። ከገላችን የመከላከያ ሕዋሳት ብዙው ክፍል የሚገኘው በአንጀት ዙሪያ ነው። ከልጅነት ጀምሮ ጠላትና ወዳጅን የሚለዩት እዚያ ከሚኖሩት ተሕዋስያን ጋር እየተዋወቁ ነው።

እስከ አሁን የተናገርሁት በአብዛኛው ስለ አይጥ ነው። ሰውስ? እነሆ ወደ ሕንዱ ጥናት መጣሁ። በኦዲሻ ግዛት ገጠር የተደረገው ይህ ጥናት በ2017 ታተመ። ዶክተር ፒናኪ ፓኒግራሂና ባልደረቦቻቸው 4,556 አራስ ሕፃናትን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ሕፃናቱ በጤና የተወለዱ፥ ጡት የሚጠቡ ነበሩ። ለአንዱ ወገን ላክቶባሲለስ ፕላንታረም የተባለ ባክቴሪያ ምግቡ ከሚሆን ስኳር ጋር ለሰባት ቀን ተሰጠ፤ ለሁለተኛው ወገን መልኩ የሚመስል ባዶ ዱቄት ተሰጠ። ከዚያም እስከ 60 ቀን ተጠባበቋቸው። ባዶውን ከወሰዱት ከ100 ሕፃናት 9ኙ በደም መመረዝ ሲታመሙ ወይም ሲሞቱ፤ ባክቴሪያውን ከወሰዱት ግን 5.4 ብቻ ሆኑ። ይኸውም ከ1,000 ሕፃናት 36ቱ ከዚህ ክፉ ነገር ዳኑ ማለት ነው። የሳንባ በሽታም ቀነሰ። መድኃኒቱ ደግሞ የሰባት ቀን ዱቄት ነው። ወንድሜን ያስታወስሁት እዚህ ላይ ነበር።

ሁለተኛው መልካም ምሳሌ ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል ስለሚባለው ባክቴሪያ ነው። ይህ ባክቴሪያ አንቲባዮቲክ ነባሮቹን ሲገድልለት ባዶውን ማሳ ይወርሳል፤ ብርቱ ተቅማጥም ያመጣል። በ2017 የኮክሬን ማኅበር 8,672 ሰዎች ያሉባቸውን 31 ጥናቶች አንድ ላይ መርምሮ እንዳወጣው፤ ከአንቲባዮቲክ ጋር ፕሮባዮቲክ ከወሰዱት ከ100 ሰዎች 1.5 ሲታመሙ ካልወሰዱት 4 ታመዋል። ጥቅሙ ጐልቶ የታየው ግን ለበሽታው እጅግ በተጋለጡት ዘንድ ነው።

ጓደኞቼ፤ እዚህ ላይ ብቆም ጭብጨባ አገኝ ነበር፤ ነገር ግን እውነቱን ግማሽ አድርጌ መናገር ይሆንብኛል። ፕሮባዮቲክ ያልረዳበትና የጐዳበትም ጊዜ አለ።

በ2018 በአሜሪካ 971፥ በካናዳ ደግሞ 886 በተቅማጥና በትውከት የታመሙ ልጆች በሁለት ጥናቶች ተመረመሩ። በየገበያው የሚሸጠው ላክቶባሲለስ ከባዶው ዱቄት አንዳች አልበለጠም። በዚያው ዓመት በእስራኤል የቫይዝማን ተቋም ሊቃውንት አንቲባዮቲክ የወሰዱ ጥቂት ፈቃደኞችን መርምረው፤ ከዚያ በኋላ ፕሮባዮቲክ የዋጡት ሰዎች ነባር ተሕዋስያን ለመመለስ ምንም ካልወሰዱት ይልቅ ብዙ ወራት እንደ ዘገዩ አሳዩ። እንግዶቹ ቤቱን ይዘው ባለቤቶቹን በደጅ አስቀሯቸው። ያን ቀን ሳልገዛ መመለሴ የዕውቀት ሳይሆን የድህነት ፍሬ ቢሆንም አልጸጸትበትም።

ከሁሉ የከፋው በኔዘርላንድ ተደርጎ በ2008 የታተመው ነው። ብርቱ የቆሽት በሽታ የያዛቸው 296 ሕሙማን ነበሩ። ፕሮባዮቲክ ከተሰጣቸው 152 ሰዎች 24ቱ ሞቱ፤ ባዶው ከተሰጣቸው 144 ሰዎች የሞቱት 9 ናቸው። ሐኪሞቹ ይህን ሲጀምሩ ሊረዱ እንጂ ሊጐዱ አላሰቡም። በ2023ም የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት በሆስፒታል የሚሰጡ ፕሮባዮቲኮች ሕይወት የሚያጠፋ ሕመም ሊያመጡ እንደሚችሉ አስጠነቀቀ። ለጤናማ ሰው ወዳጅ የሆነ ሕያው ባክቴሪያ አጥሩ ለፈረሰበት ሰው ወዳጅ ሆኖ ላይቀር ይችላል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ምን ያስተምረናል? «ፕሮባዮቲክ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ የተሳሳተ መሆኑን ነው። «መድኃኒት ጥሩ ነው ወይ?» እንደ ማለት ነው። ትክክለኛው ጥያቄ የትኛው ዘር፥ በምን ያህል መጠን፥ ለየትኛው በሽታ፥ ለየትኛው ሰው የሚል ነው። ለአራቱ መልስ የሌለው ዕቃ ገንዘባችሁን ሲጠይቃችሁ፤ እናንተም መልሳችሁ ማስረጃውን ጠይቁት።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። አያቴ የወተቱን ዕቃ በወይራ ጭስ ታጥንና ወተቱን ታረጋለች፤ ሆድ ሲነፋን «እርጎ ጠጡ» ትለን ነበር። ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ ይህን የአሮጊት ወሬ ብዬ ናቅሁት፤ ኋላ ስለ ሜችኒኮቭ ባነበብሁ ጊዜ ደግሞ አያቴ ከፓሪስ ቀድማለች ብዬ ፎከርሁ። ሁለቱም ጊዜ ተሳስቻለሁ። እርጎ በላክቲክ ባክቴሪያዎች የተሞላ መሆኑ የታወቀ ነው፤ እንደ ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ ያሉ ሊቃውንታችንም ስለ እርጎና ስለ ሌሎች የአገራችን የኮመጠጡ ምግቦች ብዙ ጽፈዋል። በውስጡ የሚገኘው ዘር ግን ከቤት ቤት፥ ከቀን ቀን ይለያያል። ከዚህም በላይ ካልፈላ ወተት የተሠራ እርጎ የከብትን የሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስን ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ኮምጣጣነቱ ተሕዋስያኑን ቢያዳክም ፈጽሞ ያጠፋቸዋል ብሎ መተማመን አይገባም። ወተቱን አፍልቶ፥ አቀዝቅዞ፥ ከጥሩ እርጎ ጥቂት ጨምሮ ማርጋት ይሻላል።

ስለ እንጀራም የሚጠይቁኝ አሉ። እርሾው ሕያው ነው፤ ምጣዱ ግን አይምርም። ሊጡ ላይ የነበሩት ተሕዋስያን በሙቀቱ ይሞታሉ፤ ስለዚህ እንጀራ ፕሮባዮቲክ አይባልም። ነገር ግን የጤፉ ቃጫ፥ የሽሮው፥ የምስሩና የባቄላው ቃጫ በአንጀታችን ለሚኖሩት ነባሮች መኖ ነው። እንግዳ ከመጥራት በፊት ቤተሰብን ማብላት ይቀድማልና፤ በምግብ ቤታችን ሽሮ በበዛ ቍጥር የምናሰማውን ማጕረምረም ጥቂት ብንቀንስ መልካም ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው ግን የእናት ጡት ነው። በእናት ወተት ውስጥ ሕፃኑ ራሱ ሊፈጨው የማይችል ከመቶ ዓይነት በላይ የሆነ ስኳር አለ። ይህ በከንቱ የተጨመረ አይደለም፤ ቲሲዬ ላያቸው ለነዚያ ቢፊዶባክቴሪያዎች የተዘጋጀ ምግብ ነው። እናት በአንድ ጡት ሁለት ታጠባለች፤ ልጇንና የልጇን ጠባቂዎች። እንገሩ ደግሞ በሽታን በሚከላከል ፕሮቲን የተሞላ ስለ ሆነ እንደ መጀመሪያ ክትባት የሚቈጠር ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ሕፃን በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲይዝ፥ እስከ ስድስት ወርም ከጡት በቀር ውሃም ቢሆን እንዳይሰጠው የሚመክረው በዚህና ይህን በመሰለ ምክንያት ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፤ ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ ቅጠል ነው።

ንግግሬን ሦስት ነገር በመለመን እደመድማለሁ። ጓደኞቼን የምለምነው ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ እንዳትውጡ ነው፤ ማሳችሁን አትጨዱ። ክቡራን መምህራንን የምለምነው የእርጎንና የእርሾን ተሕዋስያን ለይተን እንደ ኦዲሻው ጥናት በሥርዓት እንድንፈትን መንገዱን እንድታሳዩን ነው። ይህን ያህል የኮመጠጠ ነገር ያለባት አገር ከውጭ በመጣ ዕቃ ብቻ ተስፋ ስታደርግ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ያሰኛል። ሦስተኛው ልመናዬ ለሁላችንም ነው። ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ በየቤታችን አራስ አይጠፋም። ለእናቶቻችንና ለአክስቶቻችን በትሕትና እንንገራቸው፤ እነርሱ ያደረጉት ሁሉ ከፍቅር የተነሣ ነውና አንገሥጻቸው።

ባለፈው ክረምት ታላቅ እኅቴ ወለደች። እናቴ ቅቤውን አንጥራ አዘጋጅታ ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ ዛሬ ለእናንተ የነገርኋችሁን በአጭሩ ነገርኋት። ለብዙ ጊዜ ዝም ካለች በኋላ «ያን ጊዜ ይህን የነገረኝ ማን ነበረ?» አለችና ቅቤውን አንሥታ ለእኅቴ ገንፎ አደረገችው። ሕፃኗ እንገሩን ጠጣች፤ ዛሬ ዳዴ ትላለች። አንድ ሕፃን ማስረጃ እንደማይሆን ዐውቃለሁ፤ ማስረጃው 4,556 ሕፃናትን ጠይቋል። ለእናቴ ግን በቅቷታል።